በሰም የታሸገ ምስክርነት

ዛሬም ድረስ አንድ ሰው «የመግቢያ ፈተና» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ፈተናው ከብዶኝ የወደቅሁ እንዳይመስላችሁ። ፈተናውን በዓይኔም አላየሁት። እኔ የወደቅሁት ለፈተናው ለመቀመጥ በሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ይህን ደግሞ እስካሁን በሰላም ልቀበለው አልቻልሁም። ሰው ዋና ሳይችል ገብቶ ቢሰጥም አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ውኃው ዘንድ ሳልደርስ ነው የሰጠምሁት።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። በሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ሁለተኛውን በእንቅልፌም በእውኔም እመኘው ነበር። አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ ሕንዳዊ ባልደረባዬ ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንዲት ቀጭን ጥራዝ ትቶልኝ ሄደ። በአገሩ ያለ አንድ የምህንድስና ተቋም የውጭ አገር ተማሪዎችን ለሁለተኛ ዲግሪ እንደሚቀበል፣ ፈተናውን ያለፈ በነፃ እንደሚማር፣ ፈተናውም በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እንደሚሰጥ ትናገራለች። አመልካቹ ግን ዕድሜው ከሠላሳ ሁለት ዓመት ማለፍ የለበትም። እኔ ሠላሳ ሦስት ልገባ አምስት ወር ቀርቶኝ ነበር። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም ማለት ነው።

ጥራዟ አሥራ ሁለት ገጽ ናት። ስለ ፈተናው የምታወራው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ለመፈተን ስለሚያስፈልገው ነው። ፎቶግራፍ አራት፣ ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት! እስቲ ፍረዱኝ፤ መሐንዲስ የሚፈተነው በጆሮው ነው? ያን ጊዜ ጎፈሬዬ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ለጆሮዬ ስል ተላጨሁ። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያየኝ ቆየና «የግራው ትንሽ ዘመም ይላል፤ ላቃናው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ የኖረ ጆሮ መዝመሙን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ ደግሞ እንግሊዝኛ ማወቅህ ይረጋገጥ ተባልሁ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ አመልካች በእንግሊዝኛ መማሩን የሚገልጽ ማስረጃ ያቅርብ፤ ማስረጃውም በእንግሊዝኛ ይጻፍ ይላል። ይህን ትእዛዝ ያነበብሁት እኮ በእንግሊዝኛ ነው! ቋንቋውን ባላውቀው ኖሮ ማወቅህን አስመስክር መባሌን በምን አውቅ ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ቢሆንም ማስረጃውን አጻፍሁ፤ ጊዜ ስለሌለኝ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ይህ ሁሉ ግን ከተራ ቁጥር ዘጠኝ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። ተራ ቁጥር ዘጠኝ እንዲህ ትላለች፤ አመልካቹን በዲግሪ ትምህርቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያስተማረ መምህር የምስክርነት ደብዳቤ ይጻፍለት። መምህሩ ጽፎ ሲጨርስ በፖስታ አድርጎ ራሱ ያሽገው፤ በእሽጉም ላይ ይፈርምበት። አመልካቹ ደብዳቤውን ካየው ወይም ፖስታው በመንገድ ከተከፈተ፣ አመልካቹ ለፈተና አይቀርብም። ስለ እኔ የተጻፈውን ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ያንብበው ማለት እኮ ነው! ሌባ እንኳ ሲከሰስ ክሱ ይነበብለታል።

ያስተማሩኝ መምህራን ደግሞ የሉም። ፈረንጆቹ ወደየአገራቸው ሄደዋል። ከእኛዎቹ ከፊሎቹ በሱዳን በኩል ወጡ ይባላል፤ የቀሩት የት እንደገቡ በዚያ ዘመን አይጠየቅም። የማውቃቸው አንድ ብቻ ቀርተው ነበር። መምህር አስፋው ይባላሉ፤ የብረትና የእንጨት ጥንካሬ እንዴት እንደሚሰላ ሦስት ዓመት አስተምረውኛል። እሳቸውም ቢሆኑ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ዘጌ ገብተው መንኩሰዋል። ስማቸውም አባ ተክለ ማርያም ሆኗል።

ወደ ዘጌ ያሻገረኝ ሰይድ የሚባል የሐይቁ ሰው ነው። አባቱም አያቱም ጀልባ ሠሪዎች ናቸው፤ የተሳፈርንባትንም የሠራት በራሱ እጅ ነው። ውኃው መሐል ስንደርስ ንዴቴን መያዝ አቅቶኝ ተራ ቁጥር ዘጠኝን ተረጎምሁለት።

«ይህ ሁሉ ለመማር ነው ወይስ ሚስት ለማግባት?» አለኝ።

«ለመማር ነው እንጂ!»

«እኔ ጀልባ ስሠራ ማን መሰከረልኝ? ሠራሁና ጣና ላይ ጣልኋት፤ ሰጠመች። እንደገና ሠራሁ። ሁለተኛዋ ይችው ናት።»

«ሁለተኛዋ?» አልሁና ከእግሬ ሥር ያለውን ጣውላ አየሁ።

«ምነው መምህር፣ ምስክር ላምጣልህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አባን ያገኘኋቸው ከቡና ዛፍ ሥር የቀላውን ሲለቅሙ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ከደብዳቤው ጋር አብሮ የሚሞላ አንድ ቅጽ ነበር፤ «ይህን አመልካች እስካሁን ካስተማሯቸው ተማሪዎች ሁሉ ጋር ሲያነጻጽሩት ስንተኛ ነው?» ይልና ትንንሽ ሳጥኖች ደርድሯል። ከመቶው አንደኛ፣ ከመቶው ከአምስቱ አንዱ፣ ከአሥሩ አንዱ እያለ ይወርዳል። አባ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ቡናውን ከእቅፋቸው ሳያወርዱ ብዙ አነበቡት።

«ይህ ውዳሴ ከንቱ ነው ልጄ» አሉ። «ሰውን በፊቱ ማወደስ ለእሱም ለእኔም አይበጅም።»

«በፊቴ አይደለም እኮ አባ። ይታሸጋል፤ እኔ አላየውም።»

«በስውርማ ከሆነ የባሰ ነው።»

«አባ፣ ሌላ ሰው የለኝም። እርስዎ ካልጻፉልኝ አልፈተንም። ዘንድሮ ካልተፈተንሁ ደግሞ ዕድሜዬ ያልፋል።»

ቅጹን ደግመው አዩት። «ካስተማሯቸው ሁሉ ጋር ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «በሕይወት ካሉት ጋር ብቻ ነው ወይስ ከሌሉትም ጋር ነው የማነጻጽርህ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ከቡናው ዛፍ በቀር የሚሰማ አልነበረም። በክፍላችን አሥራ ስምንት ነበርን፤ ስንት እንደቀረን ቆጥሬ አላውቅም፤ መቁጠርም አልፈልግም ነበር።

«ቅጹ አይናገርም» አልሁ።

«መናገር ነበረበት» አሉ አባ። ከዚያ ብዕሬን ተቀብለው ወደ ጎጇቸው ገቡ።

ሲወጡ ፖስታው በእጃቸው ነበር። ሙጫ ስላልነበራቸው ጧፍ አብርተው ሰሙን በክዳኑ ላይ አንጠባጠቡና አሸጉት፤ በላዩም ፈረሙ። «አይከፈትም ብለው ስለጻፉ አምኛቸው እውነቱን ጽፌአለሁ» አሉኝ። «አደራ፣ እንዳትከፍተው።»

አደራ ሲሉኝ ደግሞ የባሰ ተናደድሁ። እኔ የሰው ደብዳቤ ከፋች ነኝ እንዴ?

የጣናን የቀትር ፀሐይ የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የማወራውን ላያምነኝ ይችላል። መንገዱን ሳናጋምስ ሰሙ ላብ ላብ አለው፤ ከዚያ ለሰለሰ፤ ከዚያ የፖስታው ክዳን ቀስ እያለ አፉን ከፈተ። ሰይድ መቅዘፊያውን ትቶ አንገቱን አሰገገ።

«መምህር፣ አንተ እኮ አልከፈትኸውም፤ ፀሐይ ናት የከፈተችው። ዓይንህን ጣል ብታደርግበት ምን አለበት?»

«ነውር ነው!» ብዬ ጮህሁበት። ኮቴን አውልቄ ጥላ ያዝሁለት። አልበቃ ሲል ከፀሐይዋና ከፖስታው መካከል ቆምሁ። ጀልባዋ ስትዘም ሰይድ «ተቀመጥ አንተ፣ ይችንም ልታሰጥምብኝ ነው!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ አልቀመጥም። በመጨረሻ እጄን ውኃ ውስጥ እየነከርሁ፣ በቀዘቀዘ አውራ ጣቴ ሰሙን እየተጫንሁ ባሕር ዳር ደረስን። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል፤ ሰሙ ግን መልሶ ደርቋል። አንዲት ፊደል አላየሁም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልገኛል።

ከሚጠየቁት ማስረጃዎች የመጨረሻው አገሬ ለመሄዴ ተቃውሞ እንደሌላት የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ያለሱ ለፈተናው አይመዘግቡም። ደብዳቤው የሚጀምረው ደግሞ ከቀበሌ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ይርዳው ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሜትራቸውን ያን ጊዜም ከአንገታቸው አያወርዱም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እየተናደድሁም ቢሆን ይህን እናገራለሁ። ከሁለት ወር በፊት የቀበሌው ወፍጮ ሞተር ቆሞ «እስቲ እይልን» ብለው ቢያስጠሩኝ «እኔ ሞተር እነድፋለሁ እንጂ አልጠግንም» ብዬ መልሼባቸው ነበር። የረሱት መስሎኝ ነበር።

ማስረጃዎቼን አንድ በአንድ አዩ። የጆሮዬን ፎቶግራፍ ወደ ብርሃን አድርገው ተመለከቱና አለፉት። በሰም የታሸገው ፖስታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህስ?»

«ምስክርነት ነው ጓድ ሊቀ መንበር። አይከፈትም።»

«ውስጡ ምን ይላል?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ አያውቁት፣ እኔ አላውቀው፤ ታዲያ ቀበሌው ተቃውሞ የለኝም የሚለው ምኑን ነው?»

«ከተከፈተ ግን ለፈተና አልቀርብም» አልሁ።

«ከፍተን መልሰን እናሽገዋለን። አሁን ያለው የጧፍ ሰም ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ክብ ማኅተም ይኖረዋል። ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ በምን ይበላሻል?»

ሕንዶቹ ነገሩን በዚህ መልክ እንደማያዩት ላስረዳ ሞከርሁ። ማን ሰምቶኝ! ማኅተም ያለው ወረቀት ማኅተም ከሌለው ያንሳል ብሎ የተከራከረ ሰው በዚያ ቢሮ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። አምስቱ የኮሚቴ አባላት ተጠሩ። ጓድ ይርዳው ሰሙን በምላጭ አነሡት። መቼም የልብስ ሰፊ እጅ ነው፤ ፊርማው እንኳ አልተነካም። እንዲሁ መልሰው ቢለጥፉት ማን ያውቃል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ወረቀቱ ወጣና ተቀባበሉት። እንግሊዝኛ ነው። የአባ ጽሕፈት ደግሞ ከጤፍ የደቀቀ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል ስለሚባል ለእሱ ሰጡት፤ ላብ አጠመቀው። ተያዩ። በመጨረሻ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

«ጓድ መምህር» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ «እርስዎ በአማርኛ ይንገሩን፤ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ይይዘዋል።»

እስቲ አስቡት! ጣና ላይ ሱሪዬ እስኪርስ የጠበቅሁትን ምስጢር፣ ስለ ራሴ የተጻፈውን፣ በራሴ አፍ በኮሚቴ ፊት ልተረጉም ነው። ተራ ቁጥር ዘጠኝን የጻፈው ሰው እዚያ ቢኖር ራሱን ይስት ነበር።

ደብዳቤውን ተቀብዬ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በልቤ አነበብሁ። «እኔ ኃጢአተኛው መነኩሴ ይህን ሰው ሦስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ከአሥራ ስምንት ተማሪዎች ስድስተኛ ነበር። ቁጡ ነው። ሳያስብ ይናገራል። ከመምህሩ ጋር ይከራከራል። ለራሱ ያለው ግምት ከፈተና ውጤቱ ከፍ ያለ ነው።»

ከዚያ በታች ያለውን አላየሁትም፤ ዓይኔ ጨለመ። ሐይቅ ተሻግሬ፣ ጎፈሬዬን ተላጭቼ፣ ጉልበት ስሜ ያመጣሁት ምስክርነት ይህ ነው? ቁጡ ነው ይለኛል! እኔን! ጥርሴን ነክሼ ያን ወረቀት እዚያው ብበጣጥሰው ደስ ባለኝ።

«እህ?» አሉ ጓድ ይርዳው።

ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፍሁና «ይህ ሰው» አልሁ፣ «ካስተማርኋቸው ሁሉ አንደኛ ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ። ቀና ብሎም በአክብሮት አየኝ። ያች አስተያየት ናት ያበላሸችኝ። «ትሑት ነው» አልሁ። «ታጋሽ ነው። ተቆጥቶ አያውቅም። የማንኛውንም ሞተር ድምፅ በጆሮው ብቻ ሰምቶ ሕመሙን ይለያል።» ይህን ያልሁት ፎቶግራፉ ጠረጴዛው ላይ ስለነበረ ይመስለኛል። «የነካው ብረት ሁሉ ይታዘዝለታል። እንደ እሱ ያለ ሰው በአንድ አገር በየትውልዱ አንድ ቢገኝ ነው።» ጣቴ ከመስመር መስመር ይወርዳል፤ አፌ ደግሞ የራሱን መንገድ ይሄዳል።

ጓድ ይርዳው ነገሩ አጠራጠራቸው መሰለኝ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ደብዳቤውን ለኩት፤ ቀጥለው ቃለ ጉባኤውን ለኩት። «እንግሊዝኛው አንድ ገጽ ነው፤ አማርኛው ሦስት ገጽ ሞላ። እንዴት ነው?»

«እንግሊዝኛ ጥቅጥቅ ያለ ቋንቋ ነው» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ሜትሩን መለሱ። ስጨርስ ጓድ ይርዳው ብድግ አሉ።

«ጓዶች» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ሰው መካከላችን ተቀምጦ፣ እናቶቻችን እህል ተሸክመው መሸንቲ ድረስ ለማስፈጨት ይሄዳሉ።»

ማስረጃዎቼን ከጠረጴዛው ላይ መሰብሰብ ጀመርሁ።

«ሕንድ አገር መሐንዲስ ሞልቷል። እኛ ያለን ይህ አንዱ ነው። በየትውልዱ አንድ ነው ይላሉ መነኩሴው! ይህን ሰው ለሌላ አገር አሳልፎ መስጠት በሰፊው ሕዝብ ላይ መፍረድ ነው። ቀበሌው ተቃውሞ አለው!»

አጨበጨቡ። እኔም፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሁለት ጊዜ ያህል አጨበጨብሁ። ከዚያ ነቃሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ደብዳቤው ተጋንኗል። እኔ እንዲህ አይደለሁም።»

«ትሕትናውን አያችሁት?» አሉ ወደ ኮሚቴው ዞረው። «ይህም ተጽፏል።»

«ኧረ እኔ ቁጡ ነኝ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት።

«ቁጡ ሰው በራሱ ላይ መቼ ይመሰክራል» አሉ እየሳቁ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ምን ልበል? ስተረጉም ዋሽቻለሁ ልበል? በዚያ ዘመን ኮሚቴ ፊት የዋሸ ሰው የሚገባበት ቤት ወፍጮ ቤት አይደለም። ሦስቱ ገጽ ቃለ ጉባኤ ሦስት ጊዜ ክብ ማኅተም ተመታበት፤ በእሱም መሠረት ከትምህርት ቤቱ በከፊል ተነሥቼ የወፍጮው ኃላፊ ተደረግሁ። ደብዳቤውን «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብለው መለሱልኝ። አጣጥፌ ኮት ኪሴ ውስጥ ወተፍሁት፤ ዓይኔን እንኳ አላሳረፍሁበትም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ወፍጮ ቤት ነበርሁ። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ሞተሩ አልተነሣም። በጆሮዬ ሰምቼ ሕመሙን ላውቅ አልቻልሁም፤ ለነገሩ የቆመ ሞተር ምን ድምፅ አለው? በር ላይ እህላቸውን አስቀምጠው የሚጠብቁ ሴቶች ያወራሉ። «በጆሮው ነው የሚያውቀው ያሉት ይህን ነው?» አለች አንዷ። «ኧረ እንጃ እቴ፣ ጆሮውስ ዘመም ብሏል» አለች ሌላዋ። አዲስ አበባ ላይ ሰዎች እርሳሳቸውን ቀርጸው የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። እኔ ከመፍቻና ከዘይት ጋር መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። እጄን የምጠርግበት ፍለጋ ኪሴ ብገባ የአባ ደብዳቤ ወጣ።

ንዴቴ እንደገና አገረሸ። እስቲ ሌላስ ምን ብለው ሰድበውኝ ይሆን ብዬ፣ ካቆምሁበት ቀጠልሁ።

«ይህ ሁሉ እውነት ነው» ይላል። «ሆኖም አንድ ቀን በሰሌዳው ላይ የሠራሁት ስሌት ስህተት ነው ብሎ በተማሪዎች ፊት ተነሣብኝ። ተቆጥቼ አስቀመጥሁት። ቤቴ ገብቼ ደግሜ ብሠራው ትክክሉ እሱ ነበር። በእኔ ስሌት ድልድይ ተሠርቶ ቢሆን ሰው ይሞት ነበር። ይህ ሰው ስህተት ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም። በእናንተ ዘንድ ይህ ለመሐንዲስ መልካም ጠባይ ነው። እዚህ ግን በዚህ ዘመን ዝም የማይል ሰው ሲሰነብት አላየሁም፤ ተማሪዎቼን በዚህ አጥቻለሁ። ቶሎ ውሰዱልኝ።»

ያን ቀን ጣቴን ተከትዬ እስከ ታች በሐቅ ተርጉሜው ቢሆን፣ እኔም አባም የት እንደምንገባ አወቅሁት። እኒያ ሽማግሌ ይህን የጻፉት በተራ ቁጥር ዘጠኝ ተማምነው ነው፤ አይከፈትም ስለተባሉ። እኔ ደግሞ ያች ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስንት ቀን ሙሉ ስጮህ ከረምሁ።

ማንም እንዳያገኘው ክብሪት ፈልጌ ደብዳቤውን ከማቀጣጠሌ በፊት ከሥሩ ታጥፎ የነበረውን ቅጽ ዘረጋሁት። ቀበሌው ውስጥ ይህን ማንም አልገለጠውም ነበር። ሳጥኖቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ከታቻቸው ግን በዚያች ደቃቅ ጽሕፈት አንድ መስመር አለች፤ «ከተረፉት አንደኛ ነው።»

ሁለቱንም ወረቀት አቃጠልሁ። በኮሚቴው ፊት አንደኛ ነው ብዬ የዋሸሁት እውነት ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ያናደደኝ እውነት ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።